ስለ እርሻ መሬትና ስለ ከተማ ቦታ ክርክር

ይህ ገጽ የቤተ ሰብ ገጽ እንደ መሆኑ መጠን ስለ ትዳር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ የሚነገርበት ነው። ዛሬ የምናነሣው ግን የመሬት ነገር ነው። ምናልባት ይህ የዳኛና የጠበቃ ጉዳይ እንጂ የቤተ ሰብ ነገር አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን በፍርድ ቤት ደጃፍ ተራቸውን የሚጠባበቁትን የመሬት ተከራካሪዎች ማን ከማን ጋራ እንደሚሟገት ቢጠይቋቸው፣ ወንድም ከእኅቱ ጋራ፣ ልጅ ከአባቱ ጋራ፣ ሚስትም ከባሏ ጋራ ቆመው የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው። በዓመት በዓል በአንድ ማዕድ ሊቀርቡ የሚገባቸው ሰዎች በቀጠሮ ቀን ብቻ የሚተያዩ ከሆነ፣ ነገሩ ከቤተ ሰብ ገጽ ውጭ ሊሆን አይችልም።

በጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ምዕራብ የምትገኘውን ደብረ ኤልያስን በስም የማያውቃት የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ጥቂት ነው። የቅኔ አገር በመሆኗ ከሩቅ አውራጃ አኩፋዳውን አንግቦ የሚመጣ ተማሪ በዚያ ጎጆ ቀልሶ ይቀመጥ ነበር፤ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዷ እርሷ ናት። በደጋው ጎጃም ብዙ ከተሞች የተመሠረቱት በአንድ መንገድ ነው፤ አስቀድሞ ደብሩ ይተከላል፣ ቀጥሎ የካህናቱና የተማሪው ጎጆ ይሠራል፣ ከዚያ ገበያው ይቆማል፣ ከገበያውም በኋላ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ይመጣሉ። ደብረ ማርቆስም ራሷ መንቆረር ስትባል ኖራ የዛሬ ስሟን ያገኘችው ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በእንዲህ ያለ ከተማ ዙሪያ ያለው ምድር ባዶ አይደለም፤ ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ የሚዘራበት እርሻ ነው። ስለዚህም ከተማው አንድ እርምጃ በሰፋ ቁጥር የሚረግጠው የአንድ አባወራን ማሳ ነው።

ደብሩ በስሙ የተጠራለት ነቢዩ ኤልያስ ራሱ በመሬት ነገር ንጉሥን የገሠጸ መሆኑን እዚህ ላይ ልናስታውስ ይገባል። በመጽሐፈ ነገሥት እንደ ተነገረው፣ ንጉሥ አክዓብ ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለውን የናቡቴን የወይን ቦታ ለአትክልት ስፍራ ተመኘው። በታሪኩ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማናስተውለው ነገር አለ፤ አክዓብ በመጀመሪያ ያቀረበው የተሻለ የወይን ቦታ በለውጥ ሊሰጠው፣ አለዚያም ዋጋውን በገንዘብ ሊከፍለው ነበር። በዛሬ አነጋገር ምትክ ቦታ ወይም ካሳ ማለት ነው። ናቡቴ ግን የአባቶቹ ርስት ስለ ሆነ እምቢ አለ። ክፉው ሥራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ኤልዛቤል በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጽፋ በማኅተሙ አተመችው፣ ሁለት ሐሰተኞች ምስክሮች ተነሡበት፣ ናቡቴም በድንጋይ ተወግሮ ሞተ። ደብዳቤ፣ ማኅተምና ምስክር! ዛሬም ቢሆን የድሃ መሬት ከእጁ የሚወጣው በጦር ሳይሆን በእነዚህ በሦስቱ ነው።

የጎጃም ሰው የናቡቴን ነገር ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። በዚያ አገር ርስት ማለት አንድ ሰው በገበያ ገዝቶ የሚይዘው ዕቃ አልነበረም። መሬቱን በመጀመሪያ ያቀናው አቅኚ አባት ዘር መሆኑን፣ በአባቱም በኩል ይሁን በእናቱ፣ ትውልድ ቆጥሮ የሚያስረዳ ሁሉ ድርሻዬ ይሰጠኝ ብሎ የመጠየቅ መብት ነበረው። በዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት ያጠናውና መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው አሜሪካዊው ሊቅ አላን ሆበን እንደ ገለጸው፣ የመጠየቁ መብት ሰፊ ሲሆን በእጅ የሚገባው መሬት ግን በተከራካሪው ብርታት፣ በዕድሜውና በወዳጆቹ ብዛት ይወሰን ነበር። ከዚህም የተነሣ ክርክሩ ማለቂያ አልነበረውም። ባላጋራዎች በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው ወደ ዳኛ ሲሄዱ፣ በበልሃ ልበልሃ ሲሟገቱ ውለው ሲያድሩ ኖረዋል። ርስት በሺ ዓመቱ ለባለቤቱ የተባለውም በዚህ ምክንያት ነው። ክፉ ሥርዓት ነበር አንልም፤ ድሃም ሆነ ሴት ልጅ በደሟ የመጠየቅ መብት ነበራትና። ሰላም የሚሰጥ ሥርዓት ነበር ለማለትም አንደፍርም።

መሬት መለካት በዚያ አገር ምን ያህል እንደሚያስፈራ በ1960 ዓ.ም. ታይቷል። አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የጎጃም ገበሬ ገመድና መዝገብ ይዘው የሚመጡትን ሹማምንት ርስቱን ሊወስዱበት እንደ መጡ ቆጥሮ ተነሣ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ፤ መንግሥትም በመጨረሻ ግብሩን በዚያ ጠቅላይ ግዛት ሳያስፈጽም ቀረ። ነገር ግን ሰባት ዓመት ሳይቆይ የገጠር መሬት ሁሉ በአዋጅ ቁጥር 31/1967፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትም በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ሆኑ። ርስት የሚለው ቃል ከሕግ መጽሐፍ ወጣ፤ ከሰው አፍ ግን አልወጣም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ደነገገ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ለዛሬው ክርክር ትልቅ ምክንያት ስለ ሆነ ጥቂት እንቆይበት። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል፣ በተለይም በጎጃም፣ መሬት እንደ ገና ተሸንሽኖ ለሌላቸው ተሰጠ። ካንዱ ተወስዶ ለሌላው የተሰጠበትን የዚያን ጊዜ ቅሬታ ዛሬም ድረስ በልቡ የያዘ ሽማግሌ ብዙ ነው። ለጉዳያችን የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ጠቅላላ ሽንሸና አልተደረገም። ስለዚህ በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ሠላሳ ዓመት እየተጠጋው፣ ከወላጆቹ ጥማድ በቀር ተስፋ የሚያደርገው መሬት የለውም። አባት መሬቱን የራሱ ጉልበት ዋጋ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ልጁ ደግሞ የዕድሜ ልክ እንጀራው አድርጎ ይቆጥረዋል። እንግዲህ ከተማው የሚመጣው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

እስቲ አሁን አንድ ቤት በአሳብ እንመልከት። አባወራው ስድስት ጥማድ አለው፤ አንዱ ጥማድ ከተማው ዳር ነው። ጥማድ በግምት ሩብ ሄክታር፣ ይኸውም 2500 ካሬ ሜትር ነው። ከዚህ መሬት በዓመት የሚገኘው ምርት 20 ሺህ ብር ያወጣል እንበል። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ብሎ መሬቱን ቢወስደው፣ በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት የሚከፈለው የዓመቱ ገቢ አሥር እጥፍ፣ ይኸውም 200 ሺህ ብር ነበር። ይህን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስሌቱን ወደ አሥራ አምስት እጥፍ ስላሳደገው ገንዘቡ 300 ሺህ ይሆናል። ለካሬ ሜትር ሲካፈል 120 ብር ነው። ያው ጥማድ ለከተማ ሰው በ200 ካሬ ሜትር ቢሸነሸን ደግሞ፣ ለመንገድ የሚቀረውን ሳንቆጥር፣ አሥራ ሁለት የቤት ቦታ ይወጣዋል፤ ቤት የሌለው መምህር ወይም ነጋዴ ለአንዱ ቦታ ብቻ የሚሰጠው ዋጋም ከስንዴው ስሌት ጋራ ከቶ የሚተካከል አይደለም። መሬቱ በአንድ በኩል በእህል፣ በሌላ በኩል በቤት ቦታ ይመዘናል፤ ደላላው የሚቀመጠው በሁለቱ ሚዛን መካከል ነው።

ደላላው በገበያ ቀን ይመጣል። መሬት መሸጥ ክልክል መሆኑን ከማንም ይልቅ እርሱ ያውቃልና ሽያጭ የሚባል ቃል በወረቀቱ ላይ አይጻፍም። የብድር ውል ይባላል፤ ብድሩ እስኪከፈል ቦታው በአበዳሪው እጅ ይቆያል፣ ብድሩም አይከፈልም። ወይም የረጅም ዓመት ኪራይ ይባላል። ወይም ስጦታ ይባላል፤ ሕጉ ስጦታን ለልጅ፣ ለልጅ ልጅና ለቤተ ሰብ አባል ስለሚፈቅድ፣ ትናንት በገበያ የተዋወቁት ሰው በአንድ ቀን የሥጋ ዘመድ ይሆናል። በጥቂት ሌሊት ውስጥ ምሰሶ ይቆማል፣ ቆርቆሮ ይመታል፤ ሕዝቡ የጨረቃ ቤት የሚለው ይህን ነው።

ዓመታት ካለፉ በኋላ ስፍራው በከተማው ፕላን ይገባል፤ የካሳም ወሬ ይሰማል። ያን ጊዜ አራት ሰዎች ይነሣሉ። አባወራው በይዞታ ደብተሩ የተጻፈው የእኔ ስም ነው ይላል። ገዢው የከፈልሁት ገንዘብ፣ የሠራሁት ቤት አለ ይላል። ልጁ ድርሻዬን አሳጣችሁኝ ይላል። ሚስት ደግሞ፣ ዝም ብላ የቆየችው ሚስት፣ በደብተሩ ላይ ስሜና ፎቶግራፌ ከባሌ ጋራ ሳለ ማን ጠየቀኝ ትላለች። ከአራቱ አንዱንም ፈጽሞ ሐሰተኛ ነው ለማለት አይቻልም። ገንዘቡን ተቀብሎ የሄደው ደላላ ብቻ በችሎቱ የለም።

አባወራውን ስስታም ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ እኛ ግን አንፈርድበትም። ቢጠብቅ በእህል ስሌት እንደሚነሣ፣ ቢቸኩል በከተማ ዋጋ እንደሚያገኝ ያውቃል። የከተማ ቦታ በሕጋዊ መንገድ የሚተላለፈው፣ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ እንደ ወሰነው፣ በጨረታ ወይም በምደባ ነው፤ ሁለቱም ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ ሩቅ ናቸው። ስለዚህ ሻጩም ገዢውም ወደ ጨለማው መንገድ የሚገቡት ከክፋት ብቻ አይደለም። ይህን ሳይመለከቱ የጨረቃ ቤት ማፍረስ ብቻውን ክርክሩን አያደርቀውም። በትልቁም አገር የታየው ይኸው ነው፤ አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካለው የኦሮሚያ ልዩ ዞን ጋራ ለማቀናጀት የታሰበው ዕቅድ በ2006 ዓ.ም. ከተሰማ ጀምሮ ተቃውሞ አስነሥቶ፣ የብዙ ሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። ዕቅዱ በወረቀት ላይ የመንገድና የፋብሪካ ነገር ነበር፤ በገበሬው ጆሮ ግን ከመሬቱ የሚያፈናቅለው ነገር ሆኖ ተሰማ።

ሌላም ችግር አለ። ስፍራው ከገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ ሲዛወር መዝገቡ ከገጠር መሬት ጽሕፈት ቤት ወደ ማዘጋጃ ቤት መሄድ አለበት። በዚያ መሐል ባለጉዳዩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ ጫማው ያልቃል፤ አንዱ ገና አልተረከብንም፣ ሌላው አስረክበናል ይለዋል። በዚህ ጊዜ የሚያድነው በእጁ ያለው ወረቀት ነው። የይዞታ ደብተር መስጠት በአማራ ክልል በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ስፍራዎች አንዱ በዚያው በደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ በጎዛምን ወረዳ ነበር። በ1960 ዓ.ም. ልኬታን የሸሸው አገር፣ አርባ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ልኬታውን ራሱ ተሰልፎ የጠየቀ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። ልዩነቱ ግልጥ ይመስለናል፤ የፊተኛው ገመድ ለግብር የመጣ ነበር፣ የኋለኛው ግን የባልና የሚስትን ስም ይዞ መጣ።

እንግዲህ ክርክር ከተነሣ በምን ይፈታ? የገጠር መሬት ሕግ ራሱ አስቀድሞ ተከራካሪዎቹ በውይይትና በስምምነት፣ ካልሆነም በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲጨርሱ ይመክራል። ለእኛ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የነፍስ አባት አሉ፣ የሰንበቴ ማኅበር አለ፣ የአገር ሽማግሌ አለ። ፍርድ ቤት አንዱን ረቺ ሌላውን ተረቺ አድርጎ ያሰናብታል፤ ወንድማማቾች ግን ከፍርዱ በኋላም በአንድ ወንዝ ውሃ ይቀዳሉ፣ ለአንድ ለቅሶ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ሽምግልናን እናስቀድማለን።

ነገር ግን ሽምግልና ሦስት ጉድለት እንዳለበት ሳንሸሽግ እንናገር። አንደኛው፣ ሽማግሌዎች በቃል ያስታርቁና ይነሣሉ፤ ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ሲሞቱ እርቁም አብሮ ይቀበራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊትም እንዲመዘገብ ያዘዘው በከንቱ አይደለም። ሁለተኛው፣ በዛፉ ጥላ ሥር የሚቀመጡት ወንዶች ናቸው፤ ሚስትና ሴት ልጅ ከኋላ ሆነው የተወሰነውን ይሰማሉ። በደብተሩ ስሟ ያለ ሴት ያልተስማማችበት እርቅ ሌላ ክርክር ይወልዳል። ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው፣ ሽማግሌ የተከለከለውን ሽያጭ ባርኮ ሕጋዊ ሊያደርገው አይችልም። ሻጭና ገዢ በሽማግሌ ፊት ተሳስመው ቢለያዩም፣ ጉዳዩ በማናቸውም ምክንያት ፍርድ ቤት የደረሰ ቀን ውሉ ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ነውና አይጸናም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሽማግሌ ሊሠራ የሚችለው፣ ገዢው ገንዘቡን እንዴት እንደሚያገኝ፣ መሬቱም ለቤተ ሰቡ እንዴት እንደሚመለስ ማስማማት ነው። መራራ ቢሆንም በፍርድ ቤት ደጅ አሥር ዓመት ከመጥናት ይሻላል።

ካሳውን በሚመለከት አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። ግምቱ አነሰ የሚል ሰው አቤቱታ የሚያቀርብበት ጉባኤ አለ፤ ለአቤቱታውም በቀን የተቈጠረ ጊዜ ተወስኗል። ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን ሳይጽፉ የሚያስቀምጡ ሰዎች መብታቸውን በዚሁ ያጣሉ። ገንዘቡ በተከፈለ ጊዜም በባልና በሚስት ስም በአንድነት በባንክ ይቀመጥ። በአንድ ጊዜ የመጣ ብዙ ብር እንደ ጎርፍ ነው፤ ለድግስ፣ ለልብስ፣ ለዘመድ ብድር ይፈስና ዓመት ሳይሞላ የወንዙ አሸዋ ይታያል። ትናንት ባለእርሻ የነበረ ሰው ዛሬ በዚያው ማሳ ላይ በተሠራው ቤት ዘበኛ ሆኖ ሲያድር በብዙ ከተማ ታይቷል። አዋጁ ከካሳው ሌላ የመልሶ ማቋቋም ድጋፍ ስለሚናገር ባለመብቱ እርሱን ጭምር መጠየቅ አለበት።

ከተማው ገና ያልደረሰባችሁ አንባቢዎች ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ልታደርጉት የምትችሉት ነገር አለ። በጥር ወር፣ አዝመራው ተወቅቶ ምርቱ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ማሳው ባዶ ሆኖ ወሰኑ ይታያል። በአንድ የዕረፍት ቀን አባትና እናት የይዞታ ደብተሩን ይዘው፣ ልጆቻቸውን ሁሉ አስከትለው፣ ወደ ማሳው ይውጡ። በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ ያሉትን አዋሳኞች ይጥሩ። በደብተሩ የተጻፈው መሬቱ ላይ ካለው ጋራ መግጠሙን ያንብቡት፤ የማይገጥም ቢገኝ ዕለቱን በሰላም ተነጋግረው ለቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ያስመዝግቡ። ለየትኛው ልጅ የትኛው ማሳ እንደ ታሰበ፣ ለማንስ ምንም እንዳልታሰበ፣ ወላጆቹ ያን ቀን በግልጥ ይናገሩ። ቅር የሚለው ልጅ ቢኖር አባቱ በሕይወት ሳለ፣ በማሳው ላይ ቆሞ፣ ፊት ለፊት ቅር ይበል። ከዚያም ታናሺቱ ሴት ልጅ ከወሰን ድንጋይ ወደ ወሰን ድንጋይ ትሂድ፤ የአራቱንም ስፍራ በጣቷ ታሳይ።